እርድ ለጉልበት ህመምና ለስኳር፦ ከኮምቦልቻ ለመጣ ጥያቄ የፋርማሲስት መልስ

ከኮምቦልቻ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ መጀመሪያ ጥያቄሽን ባጭሩ ላስቀምጠው፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን። እናትሽ 62 ዓመታቸው ነው። ስኳር አለባቸው፣ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ይወስዳሉ። ግፊታቸውም አልፎ አልፎ ከፍ ይላል ብለሻል። ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ከሱጁድ ሲነሱ ግድግዳ መያዝ ጀምረዋል። ለህመሙ ዳይክሎፌናክ ኪኒን ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እየገዙ በየቀኑ ይውጣሉ። አሁን ጎረቤታችሁ እርድ በማር በባዶ ሆድ ቢጠጡ ስኳሩም ጉልበቱም ይድናል ብላቸዋለች። ታላቅ እህትሽ ደግሞ ከጂዳ የእርድ ካፕሱል ልካላቸዋለች። ሦስት ነገር ጠይቀሽኛል። እርዱ መድሃኒታቸውን ይተካል ወይ? ካፕሱሉ ይሻላል ወይስ ዱቄቱ? ሦስተኛው፣ ከገበያ የገዛሽው እርድ ነጠላሽ ላይ ፈስሶ በሳሙና ስታሺው ደም መሰለ፣ ቀለም ቀላቅለውበት ይሆን?

አብሽሪ፣ ለሦስቱም መልስ አለ። የቸኮልሽ እንደሆነ ዋናውን አሁኑኑ ልንገርሽ። የስኳር መድሃኒቱ አንድም ቀን እንዳይቋረጥ። እርዱን በወጥ እንደ ልባቸው ይብሉት። ካፕሱሉን ግን ለጊዜው አትክፈቱት፣ ለምን እንደሆነ ከታች እነግርሻለሁ። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ በመሃል ጣል አድርገሽ ያለፍሽው ነገር ነው፣ ዳይክሎፌናኩ። ስኳርና ግፊት ላለበት የ62 ዓመት ሰው በየቀኑ ዳይክሎፌናክ መዋጥ ኩላሊትን ቀስ እያለ ይጎዳል፣ ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ ጨጓራንም ያደማል። ስለ እርድ ስንጨነቅ ይሄ እንዳያመልጠን ፈራሁ።

እንግዲህ ወደ እርዱ። እርድ የዝንጅብል ዘመድ ነው፣ ከአፈር ሥር የሚወጣ። እኛ ወሎ ገበያ ላይ ደርቆና ጠንክሮ፣ ወይም ተፈጭቶ ነው የምናገኘው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፣ እርድ ደግሞ ሙቀትና ብዙ ዝናብ ይፈልጋል። ስለዚህ የአገራችን እርድ በብዛት የሚመጣው ከደቡብ ምዕራብ፣ ከቴፒና ከቤንች በኩል ነው። እዚያ ከመሬት ሲወጣ ተቀቅሎ ነው በፀሐይ የሚደርቀው። ደረቁን ስትሰብሪው ውስጡ ብርቱካንማ ሆኖ ያበራል፣ ጣትሽ ላይም ሁለት ቀን ይቆያል።

ያ ቀለም ነው የወሬው ሁሉ መነሻ። ኩርኩሚን ይባላል። በ1815 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፎግልና ፔሌቲዬ የተባሉ ሁለት ኬሚስቶች ለይተው አወጡት፣ የሞለኪውሉ ቅርጽ በትክክል የታወቀው ደግሞ በ1910 ነው። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠር ጥናት ተሠርቶበታል። ታዲያ ይሄ ሁሉ ጥናት ተሠርቶ ሐኪሞች ለምን አያዙትም? ትልቁ ምክንያት ሰውነታችን ኩርኩሚንን መቀበል አለመፈለጉ ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ከአንጀት ወደ ደም የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው፣ ያለፈውንም ጉበት ፈጥኖ ቀይሮ ያስወጣዋል።

እዚህ ላይ የእናቶቻችንን አልጫ ማመስገን አለብኝ። ኩርኩሚን ዘይትና ቅቤ ይወዳል። ሽንኩርቱ በዘይት ሲቁላላ እርዱን ጨምረሽ ስታማስዪው፣ ዘይቱ ራሱ ወርቅ መስሎ ሲወጣ አይተሻል አይደል? ያ ማለት ኩርኩሚኑ ዘይቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ለብ ያለ ውሃ ላይ በትነሽ ብትጠጪው ግን ዱቄቱ ብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ቁንዶ በርበሬም ያግዛል። በ1998 የወጣ አንድ ጥናት 2 ግራም ኩርኩሚን ከ20 ሚሊግራም ፒፐሪን ጋር ለሰዎች ሰጥቶ (ፒፐሪን የቁንዶ በርበሬ የሚያቃጥለው ነገር ነው) ወደ ደም የሚገባው 20 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ይሄን ቁጥር አስታውሺው፣ ወደ ካፕሱሉ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

አሁን ትንሽ ሂሳብ እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ የእርድ ዱቄት 3 ግራም ገደማ ይመዝናል። ከዚያ ውስጥ ኩርኩሚኑ በአማካይ 3 ከመቶ አካባቢ ነው፣ ማለትም ወደ 90 ሚሊግራም። ይህችን ማንኪያ ለአምስት ሰው የክክ አልጫ ብትጨምሪባት ለእናትሽ የሚደርሳቸው 18 ሚሊግራም ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው የተለመደ ካፕሱል ደግሞ 500 ሚሊግራም ሆኖ 95 ከመቶው ኩርኩሚን ነው ይላል። አንዷን ካፕሱል ለማግኘት አምስት የሻይ ማንኪያ ያህል ዱቄት መብላት አለባቸው ማለት ነው። ሰው ሁሉ «እርድ ነው፣ ምን ይጎዳል፣ ስንበላው ነው ያደግነው» ይላል። ያደግንበት እርድና ካፕሱሉ ግን በመጠን አይገናኙም። ወጥ ውስጥ ያለው ምግብ ነው። ካፕሱሉን እንደ ማንኛውም መድሃኒት እዩት፣ ከሌላ መድሃኒት ጋር ይጋጫል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ጉልበቱን በተመለከተ እርድ ባዶ ወሬ አይደለም። በዕድሜ ለሚመጣ የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት የተሠሩ ደህና ጥናቶች አሉ። ከነሱ አንዱ በ2014 ታይላንድ ውስጥ 367 ሰዎች ላይ የተሠራው ነው። ግማሾቹ በቀን 1,500 ሚሊግራም የእርድ ጭማቂ በካፕሱል ወሰዱ፣ ግማሾቹ 1,200 ሚሊግራም ኢቡፕሮፌን፣ የህመም ማስታገሻ ኪኒን። ከአራት ሳምንት በኋላ የህመማቸው መቀነስ ተቀራራቢ ነበር፣ የሆድ ህመም ደግሞ እርዱን በወሰዱት ላይ አነሰ። በ2020 አውስትራሊያ ውስጥ 70 ሰዎች ላይ የተሠራ ሌላ ጥናትም ህመሙን መጠነኛ በሆነ መልኩ እንደቀነሰ አሳይቷል፣ ጉልበቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ ግን አልቀነሰውም። ስለዚህ ህመም ያስታግሳል፣ የተበላውን መገጣጠሚያ ግን መልሶ አይሠራውም። ደግሞ አስተውዪ፣ ሁለቱም ጥናቶች ላይ የተሰጠው የተጣራ ጭማቂ ነው። አንድ ማንኪያ እርድ በሻይ ጠጥቶ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አይቻልም።

ለእናትሽ ጉልበት እኔ ብሆን ምን አደርጋለሁ? የሚዋጠውን ዳይክሎፌናክ አቁሜ የሚቀባውን፣ በቱቦ የሚሸጠውን ጄል እሰጣቸዋለሁ። ወደ ደም የሚገባው በጣም ትንሽ ስለሆነ ኩላሊታቸው ላይ ጫናው ይቀንሳል። ሲብስባቸው ፓራሲታሞል በልኩ ይወስዳሉ። ከዚያ ደግሞ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አንድ እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ያውርዱ፣ በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ። የታፋ ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበት ይቀለዋል። ይሄ ነገር ነጻ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል፣ ግን በደንብ የተጠና ነው፣ ሳምንታት ይፈልጋል እንጂ ይሠራል። ሶላታቸውንም ጉልበቱ እስኪሻለው ወንበር ላይ ሆነው ቢሰግዱ ሃይማኖቱ ለታመመ ሰው የፈቀደው ነው፣ ሼካችሁን ጠይቋቸው።

ስለ ስኳሩ ስጽፍ ግን ልቤ አይረጋም፣ ምክንያቱም አይቼዋለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ከሐይቅ አካባቢ አንድ አባት በልጃቸው ተደግፈው ወደምሠራበት ፋርማሲ መጡ። የመጡት ለቁስል ቅባት ነበር። እግራቸውን ሳየው ከትልቁ ጣት ሥር የተከፈተ ቁስል አለ፣ እሳቸው ግን አያማቸውም። የማያም ቁስል ስኳር ያለበት ሰው ላይ ሳይ እደነግጣለሁ። ጣታቸውን ወግቼ ስለካ ከ400 በላይ ሆነ። መድሃኒታቸውን ስጠይቃቸው ሁለት ወር ሆኗቸዋል ካቆሙ። በምን ተኩት? እርድ በማር፣ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ማሩ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ሰውዬው መድሃኒት ያቆሙት ሰንፈው አይደለም። የሚያምኑት ሰው ነግሯቸው፣ ልባቸው ተስፋ አድርጎ ነው። በቀን ሁለት ማንኪያ ማር እየበሉ ያለ መድሃኒት ሁለት ወር! ወዲያው ሆስፒታል ላክናቸው። እግራቸው ተረፈ፣ ጣታቸው አልተረፈም።

ስለዚህ ጎረቤታችሁን አትቆጧት፣ አስባ ነው። ግን ንገሯት። ማር ስኳር ነው። የቱንም ያህል የጥሩ ቀፎ ማር ቢሆን፣ ነጭ ቢሆን ቀይ ቢሆን፣ ደም ውስጥ ገብቶ ስኳር ነው የሚሆነው። እርድ በራሱ ምግብ ሳይበላ የሚለካውን ስኳር በጥቂቱ ዝቅ እንደሚያደርግ የሚያሳዩ ትንንሽ ጥናቶች አሉ፣ ያ መጠን ግን ሜትፎርሚንን የሚተካ አይደለም።

ታዲያ ትንሽም ቢሆን ስኳር ከቀነሰ ካፕሱሉን በመድሃኒቱ ላይ ደርበው ቢወስዱትስ? ይሄን ነው መጀመሪያ ላይ አትክፈቱት ያልኩሽ። እናትሽ የሚወስዱት ግሊቤንክላማይድ ስኳርን በኃይል የሚያወርድ መድሃኒት ነው። አንዳንዴ ብቻውንም ከሚገባው በታች ያወርደዋል። ላብ ያጠምቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ግራ ይጋባል፣ ሊወድቅም ይችላል። በዚያ ላይ ብዙ ኩርኩሚን ሲደረብበት አደጋው ይጨምራል። በረመዳን ደግሞ ከሱሁር እስከ ኢፍጣር ምንም ስለማይበሉ የባሰ ነው። ካፕሱሉ ላይ ፒፐሪን ወይም ቁንዶ በርበሬ ተጨምሯል የሚል ካለ ሌላም ነገር አለ። ፒፐሪን ኩርኩሚንን ብቻ አይደለም ወደ ደም የሚያስገባው፣ ሌሎች መድሃኒቶችም ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ እንዲቆዩ ሊያደርግ ይችላል።

ጉበትም አለ። በ2019 ጣሊያን ውስጥ የእርድ ካፕሱል የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተቆጥቶ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ተገኝተዋል፣ መንግሥቱም ማስጠንቀቂያ አወጣ። በ2022 አሜሪካ ውስጥም የጉበት ሐኪሞች አሥር ታማሚዎችን መዝግበው አወጡ። ብዙዎቹ ለዚህ ጉዳት በዘር የሚመጣ ዝንባሌ የነበራቸው ናቸው፣ ቁጥሩም ከሚወስደው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። ግን ማን ዝንባሌው እንዳለው ቀድመን አናውቅም። ይሄን የማነሳው አንዳንድ ሰው የወፍ በሽታ ይዞኛል ብሎ «ቢጫን ቢጫ ያወጣዋል» በሚል እርድ በብዛት እንደሚጠጣ ስለሰማሁ ነው። እባካችሁ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው እርድ አይጨምርበት፣ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ይሄን ለሌሎችም አንባቢዎች ልጨምር። የልብ ቫልቭ ወይም የደም መርጋት ታክሞ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የእርድ ካፕሱልን በፍጹም አይንካው፣ ደም ከልክ በላይ ሊቀጥንበት ይችላል። አስፕሪን የሚወስድም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። የሐሞት ጠጠር ያለበትም እንዲሁ፣ እርድ የሐሞት ከረጢትን ያኮማትራል፣ ጠጠሩ ከተሰነቀረ ህመሙ አይጣል ነው። የኩላሊት ጠጠር የሚደጋገምበት ሰው ዱቄቱንም በብዛት ባይጠጣ ይሻላል፣ ጠጠር የሚሆነው ኦክሳሌት የሚባል ነገር አለው። እርጉዝ ሴት በአልጫዋ ትብላ፣ ካፕሱሉን ትተወው። ደም ማነስ ኖሮበት የብረት ኪኒን የሚወስድ ሰውም ብዙ እርድ አብሮ አይውሰድ፣ ኩርኩሚን ብረቱን ይዞ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል።

እርድ በእውነት የሚያግዝበት፣ እኔም ያለ ፍርሃት የምናገርለት ቦታ ሆድ ነው። ከበሉ በኋላ ሆድ ሲነፋ፣ ሲከብድ፣ ምግብ አልፈጭ ሲል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 ባወጣው የመድሃኒት ዕፅዋት መዝገብ ላይ ለዚሁ ተቀብሎታል፣ መጠኑም በቀን ከ1.5 እስከ 3 ግራም ዱቄት ነው። ያ ማለት ከግማሽ እስከ አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ተከፋፍሎ። በ2023 ደግሞ እንደገና ታይላንዶች፣ ቁስል ሳይኖር ጨጓራ ለሚያስቸግራቸው 206 ሰዎች ኩርኩሚንንና ኦሜፕራዞል የሚባለውን የጨጓራ መድሃኒት አወዳድረው ለምልክቱ ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል። ግን ልብ በሉ፣ ቁስል ሳይኖር ነው የተባለው። የጨጓራ ባክቴሪያ ያለበት፣ ጥቁር ሰገራ የሚያይ፣ ያለ ምክንያት የሚከሳ ሰው በእርድ ቀን አያሳልፍ።

ካንሰር ይፈውሳል የሚለውን ባጭሩ ልመልስ። አይፈውስም። ላቦራቶሪ ውስጥ በሳህን ላይ ባለ ሴል የታየ ነገር ነው፣ ሰው ላይ አልተረጋገጠም። በ2017 ኬሚስቶች ባወጡት ሰፊ ግምገማ ኩርኩሚን በተፈጥሮው የሚያበራና ከብዙ ነገር ጋር የሚጣበቅ በመሆኑ የላቦራቶሪ ምርመራዎችን ራሱ እንደሚያሳስት አስረድተዋል። ብዙ ጊዜ የሠራ የሚመስለው ምርመራው ስለተሳሳተ ነው። ለቃጠሎና ለክፍት ቁስልም ዱቄት አትነስንሱ፣ ንጹህ ስላልሆነ ያመግላል፣ ሐኪሙም ቁስሉን እንዳያየው ቀለሙ ይሸፍነዋል።

ወደ ነጠላሽ እንመለስ። ይሄን ጥያቄሽን ወደድኩት። ኩርኩሚን ኮምጣጣ ነገር ውስጥ ሲሆን ቢጫ ነው፣ ሳሙናና አመድ ሲነካው ደግሞ ወደ ቀይ ይለወጣል። ስለዚህ የቀላው እርዱ እውነተኛ እርድ ስለሆነ ነው። ከፈለግሽ የቀላው ቦታ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ዓይንሽ እያየ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል።

ግን ይሄ እርዱ ውስጥ እርድ መኖሩን እንጂ ሌላ ነገር አለመጨመሩን አይነግርሽም፣ ስጋትሽም ከሜዳ የመጣ አይደለም። በ2019 ባንግላዴሽ ውስጥ ተመራማሪዎች ነጋዴዎች እርዱ ደመቅ እንዲል ሊድ ክሮሜት የሚባል ቢጫ ቀለም ሲቀላቅሉበት እንደነበር አጋልጠዋል። ሊድ እርሳስ የሚባለው ብረት ነው፣ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም። መንግሥቱ ገበያውን ተቆጣጥሮ ነጋዴዎችን ቀጥቶ በ2021 ከገበያ ላይ በተወሰደው ናሙና ላይ ሳይገኝ ቀርቷል። ቁጥጥር ሲኖር ይቻላል ማለት ነው። ለኛ ቤት ያለው መፍትሔ ቀላል ነው። ሰኞ ገበያ ወይም ባቲ ስትሄጂ ዱቄቱን ትተሽ ደረቁን፣ ያልተፈጨውን ግዢ። አንዱን ሰብረሽ ውስጡን እዪ፣ ብርቱካንማ ሆኖ ሽታው ካወደ ጥሩ ነው። ላዩ በጣም የደመቀና እጅሽ ላይ ዱቄት የሚተው ከሆነ እለፊው። አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ሙቀጫ ላይ ወቅጠሽ አስፈጪው። ብርሃን በማይገባበት ዕቃ ከድነሽ አስቀምጪው።

እንግዲህ ለእናትሽ በዚህ ሳምንት የምትሠሪው ይሄ ነው። ስኳር ክትትል የሚያደርጉበት ቦታ ስትወስጃቸው የዳይክሎፌናኩን ፓኬትና የጂዳውን ጠርሙስ ሁለቱንም በከረጢት ይዘሽ ሂጂ፣ «ይሄንን በየቀኑ ስንት ወር ውጠዋል» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ። ክሬአቲኒን እንዲለኩላቸው ጠይቂ፣ የኩላሊት ምርመራ ነው። የጉበቱንም አብረው ይዩት። ውጤቱ ደህና ከሆነና ካፕሱሉን መሞከር ከፈለጉ ሐኪሙ አውቆት፣ ስኳራቸው በየጊዜው እየተለካ ይሁን። ለእህትሽም ደውዪላትና አመስግኛት፣ ከዚያ በሚቀጥለው ጊዜ ካፕሱል ከምትልክ የስኳር መለኪያ ማሽንና የጣት መውጊያ ብትልክ ለእናቷ የበለጠ እንደሚጠቅማቸው ንገሪያት።

ነጠላሽን ደግሞ በደንብ አጥበሽ፣ ሳሙናው ሙልጭ ብሎ ሲወጣ፣ እርጥቡን ፀሐይ ላይ አስጪው። ኩርኩሚን ብርሃን አይችልም። የኮምቦልቻ ፀሐይ ሁለትና ሦስት ቀን ካገኘው ቢጫው እየደበዘዘ ይሄዳል።